ልጄ ለካዴት ስታፍ ሰርጀንት ፈተና እየተዘጋጀ ነው፤ እንዴት ላግዘው?

የአሌክሳንድሪያዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። የምንኖረው ቨርጂንያ ነው። የ14 ዓመት ልጄ ሲቪል ኤር ፓትሮል በሚባል የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት ውስጥ ካዴት (ሠልጣኝ) ነው። በየሳምንቱ አንድ ማታ እወስደዋለሁ፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ፣ ይዤው እመለሳለሁ። እስካሁን የእኔ ድርሻ ሹፌርነትና ሸሚዝ መተኮስ ነበር።

አሁን ነገሩ ከበድ ብሏል። እስካሁን ያለፋቸው ፈተናዎች መጽሐፍ እያየ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራቸው ነበሩ። ቀጣዩ ራይት ብራዘርስ አዋርድ የሚሉት ነው። ካለፈ ስታፍ ሰርጀንት ይሆናል። ይኼኛው መጽሐፍ ተዘግቶ ነው። የመሪነት መጽሐፉን የመጀመሪያ ሦስት ምዕራፎች ባንዴ ይጠየቃል፣ ከመቶ 80 ማምጣት አለበት። ልጁ ጎበዝ ነው። ግን ማታ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አድርጎ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ጠዋት "አነበብኩ እኮ" ይለኛል። ልጠይቀው ብል እኔ ስለ ሚሊታሪ ነገር ምንም አላውቅም። የመጽሐፉ እንግሊዝኛም ሥራ ቦታ ከምናወራው ለየት ይላል።

ልጆቻችሁን በዚህ ያሳለፋችሁ ካላችሁ እንዴት ነው ያገዛችኋቸው? ወይስ ዝም ብዬ ልተወው?

---

የቦሌ ልጅ

ይቅርታ አድርጊልኝና እኔ ይሄ ነገር አይገባኝም። ከጦርነት ሸሽተን መጥተን ልጆቻችንን ሰልፍ እናስተምር? ለ14 ዓመት ልጅ ሰርጀንትነት ምን ያደርግለታል? ሒሳቡን ቢያጠና አይሻልም?

---

የሁለት ካዴት አባት

የቦሌ ልጅ፣ መጀመሪያ እኔም እንዳንተ ነበር ያልኩት፤ ስለዚህ አልፈርድብህም። ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሲቪል ኤር ፓትሮል የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት ነው። የተመሠረተው ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. ነው፣ ፐርል ሃርበር ከመመታቱ ስድስት ቀን በፊት። ከ1948 ጀምሮ የአሜሪካ አየር ኃይል ረዳት ነው። ልጆቹ ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ ይገባሉ። ወታደር የመሆን ምንም ግዴታ የለባቸውም። የጠፋ አውሮፕላን ፍለጋ ይማራሉ፣ ስለ በረራና ስለ ጠፈር ይማራሉ፣ ሰው መምራት ይማራሉ። ደግሞ 18 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ አምስት ጊዜ በሞተር አውሮፕላን፣ አምስት ጊዜ ደግሞ ሞተር በሌለው ግላይደር በነፃ ይበራሉ። የኔ ትልቋ መሪውን የጨበጠች ቀን ቤት ገብታ እራት አልበላችም፤ ስታወራ አደረች።

ሒሳቡን በተመለከተ ደግሞ፣ ያ ዩኒፎርም ነው ሒሳብ ያስወደዳት።

አሁን ወደ እህቴ ጥያቄ። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አታስነብቢው። በየክፍሉ መግቢያ ላይ "ይህን ካነበብክ በኋላ እንዲህ ማድረግ ትችላለህ" የሚሉ አጫጭር ዓላማዎች አሉ። ግለጽ፣ አስረዳ፣ ዘርዝር፣ ለምን አስፈለገ የሚሉ ናቸው። ፈተናው የሚወጣው ከእነሱ ነው። እያንዳንዱን ዓላማ ወደ ጥያቄ ቀይሮ ወረቀት ላይ ይጻፍ። መልሱን አይጻፍ። ከዚያ ወረቀቱ ያንቺ ይሁን። ሩዝ እየተቀቀለ አንዱን ትስቢና ትጠይቂዋለሽ። መልሱን ማወቅ አይጠበቅብሽም። ሲንተባተብ ታውቂያለሽ። እናት ልጇ እየቀጠፈ እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልጋትም።

---

የአሌክሳንድሪያዋ

ሃሃሃ ይሄስ እውነት ነው። በአማርኛ ይመልስልኝ ወይስ በእንግሊዝኛ?

---

የሁለት ካዴት አባት

በአማርኛ! እኛ ቤት ሕጉ እንደዚያ ነበር። በእንግሊዝኛ ከሆነ የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይደግምልሻል፣ ያውቅ አያውቅ አይለይም። በአማርኛ ሲሆን ግን የሚደግመው ነገር ስለሌለ የገባውን ብቻ ነው የሚነግርሽ።

---

ሳጅን በቴክሳስ

በግማሹ እስማማለሁ፣ በግማሹ አልስማማም። እኔ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ያለሁ ሀበሻ ነኝ። ለሰርጀንት ፕሮሞሽን ቦርድ ስቀርብ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ከበው የተቀመጡ ሽማግሌ ሰርጀንቶች ነበሩ የጠየቁኝ። ሐሳቡን ማወቅ አንድ ነገር ነው። በእነሱ ቃል ማለት መቻል ሌላ ነገር ነው።

የልጁ ፈተና ምርጫ ያለው ነው። ከአራቱ ምርጫ ሁለቱን ወዲያው ትጥላለህ። የቀሩት ሁለቱ ሁለቱም ትክክል ይመስላሉ። እዚያ ላይ የሚለየው አንድ ቃል ነው። ልጁ ሐሳቡን በአማርኛ ቢያውቀውም የመጽሐፉን ቃል ካላወቀ ቀላሉን ይስታል። ስለዚህ እህቴ፣ በአማርኛ ያስረዳሽ፤ ከዚያ ያንኑ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር በመጽሐፉ ቃል ይበል። ሁለቱንም። በተለይ የድርጅቱ አራት ዋና እሴቶች፣ ማለትም ታማኝነት፣ በጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ ልህቀት፣ መከባበር፣ ትርጉማቸው በእንግሊዝኛው እንዳለ አፉ ላይ መኖር አለበት።

ሌላው፣ የመሐላውን ቃል (የካዴት ኦዝ) በእንቅልፉ ቢጠይቁት እንዲል አድርጊው። መጀመሪያ ሲገባ ተምሮታል። ግን ሰው ፊት ቆሞ፣ ተጠንቀቅ ላይ ሆኖ፣ እጁ ሳይንቀሳቀስ ማለት ሌላ ነው።

---

ሰማያዊ ዩኒፎርም

እትዬ ሰላም ነዎት? እኔ እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ያለሁ 18 ዓመቴ ነው። ሚቸል የሚባለውን ሽልማት አልፌ አሁን ካዴት ኦፊሰር ነኝ። አማርኛ ስጽፍ ስህተት ካለ እለፉኝ 😅

ስለ ጽሑፉ ፈተና የሁለቱም ሐሳብ አሪፍ ነው። ግን ብዙ ወላጅ የሚረሳው ጽሑፉ አንዱ ክፍል ብቻ መሆኑን ነው። ለራይት ብራዘርስ የሰልፍ ፈተናም አለ፣ የአካል ብቃትም አለ። ካለፈው ዕድገቱ ቢያንስ 8 ሳምንት ማለፍ አለበት። ከዚያ ላይ የስኳድሮኑ (ልጁ በየሳምንቱ የሚሄድበት የአካባቢ ክፍል) ኮማንደር ሳይፈርም ምንም አይሆንም። ኮማንደሩ የሚያየው ነጥብ ብቻ አይደለም። ልጁ ገና ሰርጀንት ሳይሆን እንደ ሰርጀንት እየሠራ ነው ወይ የሚለውን ያያል።

ይሄ ምን ማለት ነው? ለምሳሌ ስብሰባ ሲያልቅ ወንበር ማን ያጥፋል? አዲስ የመጣ ልጅ ጥግ ላይ ብቻውን ሲቆም ማን ሄዶ ያናግረዋል? የፕሮግራሙ የመጀመሪያው ፌዝ (ደረጃ ማለት ነው) መማሪያ ነው የሚባለው። የራይት ብራዘርስ ሲያልፍ ሁለተኛው ፌዝ ይጀምራል፣ እሱ የመሪነት ፌዝ ነው። አራትና አምስት ልጆች ይሰጡታል። ስለዚህ ስሙን ከመስጠታቸው በፊት ጠባዩን ያያሉ።

ልጅዎ ወላጁ መኪና ውስጥ እየጠበቀች ስለሆነ ስብሰባ እንዳለቀ ሮጦ የሚወጣ ከሆነ፣ እባክዎ አሥር ደቂቃ ይታገሱት።

---

የአሌክሳንድሪያዋ

ውይ! ልክ እንዳልሽው ነው፣ ሮጦ ነው የሚመጣው። እኔም ጠዋት ሥራ ስለምገባ "ቶሎ በል" ነው የምለው። እሺ የኔ ቆንጆ፣ ከዚህ በኋላ ቡናዬን በቴርሞስ ይዤ እጠብቃለሁ።

ስለ ሰልፉ ግን ንገሪኝ። ምኑን ነው የሚፈትኑት?

---

ሰማያዊ ዩኒፎርም

የሚያደርገውን ከሚያውቀው ይበልጥ ያያሉ። ብዙ ልጅ የሚወድቀው ቀላሉ ላይ ነው። ወደኋላ ዙር ልንገርዎት። የቀኝ እግሩን ጣት ከግራ ተረከዙ ኋላ የግማሽ ጫማ ያህል ያደርጋል፣ ትንሽ ወደ ግራ አስጠግቶ። ከዚያ በቀኝ በኩል 180 ዲግሪ ይዞራል። ሲጨርስ ተረከዞቹ ገጥመው መገኘት አለባቸው። ክንዱ አይወዛወዝም። ሁሉም ልጅ ክንዱ ይወዛወዛል! ሚዛን ፍለጋ ነው። ፈታኙ ከሩቅ የሚያየው እሱን ነው።

ሁለተኛው ሩጫ የሚመስል እርምጃ ነው። የአየር ኃይል እርምጃ 24 ኢንች ነው። ረጅም ልጆች ይዘረጉታል፣ ከጎናቸው ያለው አጭር ልጅ ይሮጣል። ፓርኪንግ ላይ በቾክ ምልክት አድርጋችሁ ይለማመድ። በሚፈተንበት ጫማ ይሁን እንጂ በስኒከር አይሁን። ስኒከር ይይዛል፣ የዩኒፎርም ጫማ ያንሸራትታል።

ሦስተኛው ቁም ሲባል ነው። ትዕዛዙን ከሰማ በኋላ አንድ ሙሉ እርምጃ ይራመዳል፣ ከዚያ የኋላ እግሩን ያመጣና ይገጥማል። ሁለት ምት ነው። ልጆች በአንዱ ያቆማሉ ወይም ሦስት ያደርጉታል።

---

ጡረተኛው ሻምበል

ልጄ ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ ደስ አሰኘሽኝ። እኔ በልጅነቴ ሐረር የጦር አካዳሚ ነው የተማርኩት። ያን ጊዜ አካዳሚውን ያቋቋሙትና ያስተማሩት የሕንድ መኮንኖች ነበሩ። ተጠንቀቅ፣ አሳርፍ፣ ቀኝ ዙር፣ ወደኋላ ዙር፣ አሠራሩ ይለያይ እንጂ ሁሉም እዚያም እዚህም አለ። ክንድ የሚወዛወዝበት ዕጩ መኮንን እዚያም ነበር።

ለእናቱ አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ ታናናሽ ካሉት ያሰልፋቸው። ትዕዛዝ መስጠት ከመጽሐፍ አይገኝም። ትዕዛዝ ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ ያሰማል፤ ከዚያ እንዲደረግ ያዝዛል። በሁለቱ መካከል ትንፋሽ አለ። ያ ትንፋሽ ከጠፋ ሰልፈኛው ይደናገጣል፤ ከረዘመ ደግሞ ይዘናጋል። ድምፁም ከጉሮሮ አይደለም የሚወጣው፣ ከሆድ ነው። ከጉሮሮ የሚጮኽ ልጅ በሦስተኛው ትዕዛዝ ድምፁ ይዘጋል። ፈታኞቹ ገና ትዕዛዝ መስጠት ባይጠይቁት እንኳ፣ ትዕዛዝ የሚሰጥ ልጅ ትዕዛዝ ሲቀበል ይለያል።

---

የአሌክሳንድሪያዋ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የ8 ዓመት እህት አለችው። አሁን ሳሎን ውስጥ እያስኬዳት ነው። ኃይለኛ ናት፣ እሷ ናት እሱን የምታዘው 😂

---

የአትላንታ እናት

ሰላም። የኔ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ጄ አር ኦ ቲ ሲ ነው። እሱም ሰርጀንት ሊሆን ነው እያለ ነው። ይሄ ምክር ለሱም ይሠራል?

---

ሳጅን በቴክሳስ

በከፊል። ጄ አር ኦ ቲ ሲ የሃይስኩል ትምህርት ነው፣ ክሬዲት ይሰጥበታል፣ አስተማሪዎቹ በአብዛኛው ጡረታ የወጡ ወታደሮች ናቸው። ማን መቼ እንደሚያድግ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ስለዚህ እዚህ የተጻፈውን ቁጥርና ሕግ ለእሱ አትውሰጂው፤ አስተማሪውን ይጠይቅ። የአጠናኑ ዘዴ ግን ያው ነው። ቦርድ ፊት የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ንገሪው። የማያውቀውን ሲጠይቁት አይፈብርክ። "ሰር፣ አሁን መልሱን አላውቅም፣ አይቼ እነግርዎታለሁ" ይበል። ቦርድ ላይ የሚቀመጥ ሰው የሚቀጥፍ ልጅ ከመቶ ሜትር ይሸተዋል።

---

የሁለት ካዴት አባት

ሳጅን ልክ ነው። ደግሞ ዓይን። የኛ ልጆች ትልቅ ሰው ሲያናግራቸው መሬት መሬት ያያሉ። እኛ ነን እንዲህ ያሳደግናቸው፣ ጨዋነት ነው። እዚያ ግን መሬት መሬት ማየት የፈራ ያስመስላል። ለኔ ልጅ "ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ እንደ ሀበሻ፣ ስኳድሮን ስትሄጂ እንደ ሰርጀንት" አልኳት። ተግባብተናል።

---

የአሌክሳንድሪያዋ

የወረቀቱን ዘዴ ጀመርን። ትናንት "ቼይን ኦፍ ኮማንድ (የትዕዛዝ ሰንሰለት) ለምን አስፈለገ" የሚል ወጣ። ልጁ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ "እማ፣ አንቺ ሆቴል ውስጥ ሱፐርቫይዘርሽን ዘለሽ ማናጀሩ ጋ ብትሄጂ ምን ይሆናል?" አለኝ። ምን እንደሚሆን ነገርኩት። ስንት ዓመት የሠራሁበት ነገር ነው፣ አንድ ሰዓት አወራን። ሱፐርቫይዘሩ ሳይሰማ ሲቀር፣ የበታቹ ዝም ሲል፣ ትዕዛዝ ከሁለት ቦታ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ነገርኩት። ደብተሩን አውጥቶ ሲጽፍ አየሁት! የኔን ነገር!

ከዚያ ቼይን ኦፍ ኮማንዱን በስም እየዘረዘረ ከስኳድሮን ወደ ላይ ሄደ። ዊንጉ ቨርጂንያ። ከዚያ ሪጅኑ "ሚድል ኢስት" ነው ሲለኝ ሻይዬ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ልጄን አረብ አገር ሊልኩት ነው ብዬ!

---

ሰማያዊ ዩኒፎርም

እትዬ ሞትኩ 😂😂 የሁሉም ሀበሻ እናት እንዲህ ነው የምትለው። ሚድል ኢስት ሪጅን ማለት ዴላዌር፣ ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ቨርጂንያ፣ ዌስት ቨርጂንያና ሁለቱ ካሮላይናዎች ናቸው። አገር አቀፍ ዋና መሥሪያ ቤቱ አላባማ፣ ማክስዌል አየር ኃይል ሰፈር ነው። ጠቅላላ 52 ዊንግ ነው ያለው፦ 50ው ስቴት፣ ዲሲና ፖርቶ ሪኮ። ይሄንን ያጥና፣ ይጠቅመዋል።

---

የቦሌ ልጅ

እሺ ሻይዋ ላይ ሳቅኩ፣ ተሸነፍኩ። ግን አንድ ጥያቄ፣ የወንድሜ ልጅ ዜጋ አይደለችም፣ ግሪን ካርድ ነው ያላት። ትገባለች?

---

የሁለት ካዴት አባት

ትገባለች። ግሪን ካርድ ይበቃል። 12 ዓመት ከሞላት ሂዱና ሁለት ሦስት ስብሰባ ቁጭ ብላ ታይ። ከወደደችው ትቀጥላለች።

---

የማርያም ልጅ

የኔም ልጅ እዚያው ነው፣ ሜሪላንድ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ይጾማል። እኔም አልከለክለውም። የአካል ብቃት ፈተናው ግን በዚያ ጊዜ ከሆነ እንዴት ይሆናል? ባለፈው ባዶ ሆዱን ሮጦ ቤት ሲመጣ ፊቱ ነጭ ነበር።

---

ሰማያዊ ዩኒፎርም

እኔም ጿሚ ነኝ፣ ስለዚህ ይሄን ጠይቁኝ 🙋🏾‍♀️ ፈተናው ፑሽ አፕ፣ የሆድ ስፖርት፣ ቁጭ ብሎ ወደፊት መዘርጋትና ሩጫ ነው። ሩጫው አንድ ማይል ወይም ድምፅ በጮኸ ቁጥር እየተመላለሱ የሚሮጡት ነው። የሚያደክመው እሱ ነው።

ጥሩ ዜናው ውጤቱ ለ180 ቀን ያገለግላል። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ጥር ላይ ይፈተን። ውጤቱ ጾሙን አልፎ ፋሲካን ይሻገርለታል። እንደዚያ ካልተመቸ፣ ስብሰባው ማታ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጾሙን ይፈታል አይደል? ሽሮ በእንጀራ ሩጫው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው አይብላ። ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ይሁን፣ ቀለል ያለ ይሁን፣ ውኃ ይጠጣ። ሽሮ በልቼ ሮጬ አውቃለሁ። ዝርዝር አልናገርም።

---

ጡረተኛው ሻምበል

ስለ ማተቡስ? አንገቱ ላይ ክር ካለ ዩኒፎርም ለባሹን ምን ይሉታል?

---

ሰማያዊ ዩኒፎርም

ጋሼ፣ በዩኒፎርም የአንገት ነገር እንዲታይ አይፈቀድም። ማተቡን ከውስጥ ቲሸርቱ ሥር ያደርገዋል። ችግር የለም፣ እኔም የማደርገው እንደዚያ ነው። እትዬ፣ ሰማያዊውን ሸሚዝ ከተኮሱ በኋላ ግን ክሩ ከአንገት በላይ ብቅ እንዳይል መስታወት ፊት ይይ። ቦርድ ላይ ገና ሳይናገር ከጫማ እስከ ፀጉር ያዩታል።

---

የአሌክሳንድሪያዋ

እሺ ልንገራችሁ። የጽሑፉን ፈተና አለፈ!! ሰልፉና ቦርዱ (ጠያቂዎች ፊት የሚቀርብበት) ገና ነው፣ በቀጣዩ ስብሰባ ይሆናል ብለውታል። ሲወጣ ፊቱን ብቻ አይቼ አወቅኩ። ደግሞ አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ነው የወጣው፣ ወንበር ሲያጥፍ። ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ ተባረኪ።

የሚገርመው፣ የሳጅን ነገር ነው ያዳነው አለኝ። ሁለቱ ምርጫ ተመሳሳይ ሆነው መጽሐፉ ላይ ያለውን ቃል አስታውሶ መረጠ።

የሁለት ካዴት አባት፣ የእርስዎ ትልቋ ሚቸል ላይ ደርሳለች? ከዚህ ቀጥሎ ያለው እንዴት ነው?

---

የሁለት ካዴት አባት

እንኳን ደስ አለሽ! ሰርጀንቱን ሳሚልኝ።

ከዚህ በኋላ አንድ አንድ እያለ ይሄዳል። ሽልማቶቹ በሰው ስም ናቸው። ሪከንባከር፣ ሊንድበርግ፣ ዱሊትል፣ ጎዳርድ፣ አርምስትሮንግ። ልጁ ስሞቹን ዝም ብሎ እንዳያልፋቸው። ጎዳርድ በ1926 በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ሮኬት መጀመሪያ ያስወነጨፈው ነው፤ ዱሊትል በ1942 ቶኪዮን የደበደበውን ጓድ የመራው ነው። ቦርድ ላይ "ይሄ ሽልማት በማን ስም ነው፣ ምን አደረገ?" ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ።

በአርምስትሮንግ ላይ የጽሑፍ ፈተና የለም። በምትኩ ድርሰት ይጽፋል፣ ሰው ፊት ንግግር ያደርጋል። እዚህ ላይ የኔ ልጅ ያደረገችውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ለሀበሻ ልጅ የተዘጋጀ ርዕስ ነው። ስለ ጆን ሮቢንሰን ነው የተናገረችው። በ1935 ጣልያን ሊወረን ሲል ከቺካጎ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል የመራው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ። ከጦርነቱ በኋላ በ1944 ተመልሶ አብራሪዎቻችንን ያሠለጠነው፣ በ1954 አውሮፕላን ተከስክሶበት አዲስ አበባ ላይ የሞተው።

እሷ ግን እዚያ አላቆመችም። የሮቢንሰን የቺካጎ ባልንጀራ ኮርኔሊየስ ኮፊ ነበር። ኮፊ ከዊላ ብራውን ጋር የበረራ ትምህርት ቤት ከፈተ። ዊላ ብራውን ደግሞ በሲቪል ኤር ፓትሮል ውስጥ የመጀመሪያዋ ጥቁር መኮንን ናት። "ስለዚህ እኔ ዛሬ የምለብሰው ዩኒፎርምና አገሬን ለማዳን የመጣው ሰው ከአንድ ሰፈር ናቸው" አለች። አዳራሹ ውስጥ ያሉት አሜሪካውያን ይሄን አንዳቸውም አያውቁም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

---

ጡረተኛው ሻምበል

ሮቢንሰን ጉለሌ ነው የተቀበረው። ያች ልጅ አዲስ አበባ ስትሄድ መቃብሩን አሳያት።

---

የሁለት ካዴት አባት

ሻምበል፣ በልቤ ይዤዋለሁ።

ወደ ሚቸሉ ልመለስ። እሱ ላይ ሁለት ፈተና ነው፣ መሪነትና ኤሮስፔስ፣ ሁለቱም መጽሐፍ ተዘግቶ። ደግሞ ኢንካምፕመንት የሚሉት አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሳምንት ያህል ከቤት ወጥተው የሚያድሩበት ሥልጠና ነው። እሱን ሳይሄድ ሚቸል የለም። በብዛት ሰመር ላይ ስለሚሆን ለአገር ቤት ጉዞ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ቀኑን ጠይቂ። እኛ ቤት በዚህ ተጣልተናል።

ካለፈ ካዴት ሁለተኛ ሌተና ይሆናል። በኋላ አየር ኃይል ልግባ ካለ ደግሞ በተራ ደረጃ አይጀምርም፣ ኤርማን ፈርስት ክላስ ሆኖ ነው የሚገባው፤ ደመወዙም በዚያ ልክ ነው። የቦሌ ልጅ፣ ይሄን ለማስታወቂያ አይደለም የምናገረው 😄

---

የቦሌ ልጅ

የወንድሜን ልጅ ለማክሰኞ ቀጥሬያለሁ፣ በቃ ተወኝ። ምን ለብሳ ትሂድ?

---

ሰማያዊ ዩኒፎርም

ለመጀመሪያ ቀን ዩኒፎርም አያስፈልጋትም። ሱሪ፣ ንጹሕ ቲሸርት፣ የሚያስሮጥ ጫማ። ፀጉሯ ረጅም ከሆነ ይታሠር። አሥር ደቂቃ ቀደም ብላ ትድረስ። አንተም መኪና ውስጥ አትቀመጥ፣ ግባ። ወላጅና ዘመድ ገብቶ ማየት ይችላል። ከኋላ ወንበር አለ።